አምስት ጊዜ የታደሰ ውል

የሥራና ሠራተኛ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች የሚያነሱት ጉዳይ ይለያይ እንጂ ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ ነገ ሥራዬ ይኖራል ወይ? መልሶቻችን ከነሐሴ 30 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ይህ እነሱን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ድርጅት ማሽን ኦፕሬተር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ውሌ የአንድ ዓመት ነው፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ያልቃል፣ ወዲያው ይታደሳል። እንዲህ እየተባለ አምስት ጊዜ ታድሷል። ዘንድሮ ግን «ውልህ ስላበቃ ተሰናብተሃል» የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ። ደመወዜ 9,000 ብር ነው። የተወሰነ ጊዜ ውል ስለፈረምኩ የምጠይቀው ነገር የለም ተባልኩ፤ እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ይህን የሚነግሩዎት ሰዎች የሕጉን መነሻ ገልብጠው ነው የያዙት። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፦ አልቆ የሚሄድ የተለየ ሥራ፣ በሕመም ወይም በፈቃድ የሄደን ሠራተኛ መተካት፣ ከወትሮው የበዛ የሥራ ጫና፣ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ሥራና እነዚህን የመሳሰሉ። ውሉ ላይ «ለአንድ ዓመት» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ነገሩን አይቆርጠውም። ፍርድ ቤት የሚመዝነው የሥራውን ጠባይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራስዎን የሚጠይቁት ቀላል ጥያቄ አለ፦ እርስዎ ሲወጡ ማሽኑ ቆመ ወይስ ሌላ ሰው ቆመበት? በሳምንቱ ሌላ ኦፕሬተር ከተተካ ሥራው ቀጣይ ነው ማለት ነው፤ የተቋረጠው የእርስዎ ውል ብቻ ነው። የተተኪውን መቀጠር የሚያውቁ ሁለት የሥራ ባልደረቦችን በምስክርነት ማስመዝገብ ይህን ነጥብ ያጠናክርልዎታል።

ማስረጃ ሲያሰባስቡ ስድስቱንም ውሎች፣ የስንብት ደብዳቤውንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ ይያዙ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የጡረታ መዋጮ መረጃውን ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ገቢ ይደረጋል፤ ስለዚህ በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የሚገኘው መረጃ ስድስት ዓመት ሳይቆራረጡ መሥራትዎን በአሠሪው በራሱ ሪፖርት ያሳያል። አንዳንድ አሠሪዎች በሁለት ውሎች መካከል ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍተት ይፈጥሩና «እንደ አዲስ ነው የቀጠርኩት» ብለው ይከራከራሉ። በዚያ ክፍተት ውስጥም ሠርተው ከሆነ የፈረቃ ሰሌዳ፣ የመግቢያ ፊርማ ወይም በስልክ የተላከ የሥራ ትእዛዝ ፈልገው ያያይዙ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ስሌቱ እንዲገባዎት ደመወዝዎን በ30 አካፍለን የቀን ደመወዝዎን 300 ብር እንበለው። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራ የማይመለሱ ከሆነ ሦስት ክፍያዎች ይመጣሉ። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ማለትም 9,000 ብር ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ይሄዳል፤ 3,000 ሲባዛ በአምስት 15,000 ነው። ድምሩ 24,000 ብር ይሆናል። የስንብት ክፍያ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ስለሆነ እርስዎ ገና ሩቅ ነዎት። ካሳው የቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ ነው፤ 54,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ሁለት ወር በመሆኑ 18,000 ብር ይጨመራል። ጠቅላላው 96,000 ብር ነው። ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍት ካለዎት እሱም በገንዘብ ተተምኖ ይከፈልዎታል።

ወደ ሥራ መመለስ ከመረጡ ደግሞ ካሳው ቀርቶ ውዝፍ ደመወዝ ይተካል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እስከ አንድ ዓመት ሊወስን ይችላል። በክስዎ ላይ የሚፈልጉትን በግልጽ ይጻፉ፦ «ወደ ሥራዬ ከነውዝፍ ደመወዜ እንድመለስ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ካሳና የስንብት ክፍያ እንዲከፈለኝ»። ፍርድ ቤቱ የሥራ ግንኙነቱ መቀጠል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ እርስዎ መመለስ ቢፈልጉም በካሳ ሊያሰናብት ስለሚችል አማራጩን ሳይጠቅሱ አይለፉ።

አደራ የምንልዎት ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ከስንብት የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር። ሠራተኛው አቤቱታ ለሥራ አስኪያጁ ይጽፋል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ ሦስቱ ወር እንዲሁ ያልቃል። ለአሠሪው አቤት ማለት ብቻውን ይርጋውን አያቆምም። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ሰኔ 30 የተነሳ ነው፤ ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ላይ የሚሆኑበት ወቅት ስለሆነ በሐምሌ ውስጥ መዝገብ ያስከፍቱ። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የሥራ ክርክር ችሎቱም ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዝዛል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጠርታ «በፈቃድህ ልቀቅ፣ አለበለዚያ የሥራ ልምድ አንጽፍልህም» አለችኝ። ተዘጋጅቶ የቀረበልኝ ወረቀት ላይ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚልም አለበት። ልፈርም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይፈርሙ። ቢያንስ በዚያ ቀንና በዚያ ክፍል ውስጥ አይፈርሙ። «ወስጄ ላንብበው» ማለት መብትዎ ነው።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ራሱ በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ ካሳ አያገኝም፤ አምስት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የስንብት ክፍያም በመርሕ ደረጃ የለውም። ያቺ አንዲት ፊርማ በአራት ዓመት ያጠራቀሙትን የካሳና የስንብት ክፍያ መብት ታጠፋለች። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ የአሠሪው ችሮታ አይደለም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት በአንቀጽ 12 የተጣለበት ግዴታ ነው። በግዴታው ሊያስፈራራዎት አይችልም።

«ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚለውን በተመለከተ አንቀጽ 25 ይጠብቅዎታል፤ ውሉ በስምምነት ሲቋረጥ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ቢተው መተዉ ዋጋ የለውም። ይሁን እንጂ ፈርሞ ከመከራከር ሳይፈርሙ መከራከር ይሻላል። ከፈረሙ በኋላ ተገድጄ ነው የሚለውን የማስረዳት ሸክም እርስዎ ላይ ይወድቃል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ለተነገረ ቃል ደግሞ ምስክር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ለኃላፊዋ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይጻፉላት፦ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በፈቃዴ እንድለቅ ጠይቀውኛል፤ የመልቀቅ ፍላጎት የለኝም፤ ድርጅቱ ሊያሰናብተኝ ከፈለገ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽልኝ»። መልስ ባይመጣም የእርስዎ መልእክት ቀንና ሰዓት ይዞ ይቀመጣል።

በእርግጥ ለመሄድ ተስማምተው ከሆነ ደግሞ የሚከፈልዎት እያንዳንዱ ብር በስምምነቱ ላይ በቁጥር ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ደመወዝ ስንት፣ የዓመት ዕረፍት ስንት ቀን፣ ተጨማሪው ስንት።

ጥያቄ፦ 50ኛው ቀን ላይ «ሙከራህን አላለፍክም» ተብዬ ተባረርኩ። ስቀጠር ስለ ሙከራ ማንም አልነገረኝም፤ የተጻፈ ነገርም የለም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ሲደረግ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። የተጻፈ ነገር ከሌለ ሙከራ ላይ አልነበሩም፤ ስለዚህ ስንብትዎ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ስንብት ሕጋዊ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ውሉ በቃል ብቻ የነበረ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥዎት ይገባ ነበር። አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት እንጂ የእርስዎ መብት ማጣት አይደለም።

ጥያቄ፦ በኤጀንሲ ተቀጥሬ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነኝ። በሳምንት ስድስት ሌሊት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እቆማለሁ። ደመወዜ 6,240 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት የሚባል ተከፍሎኝ አያውቅም። ልከስ ብል የምከሰው ማንን ነው? የሕንፃው ባለቤት «እኔ አልቀጠርኩህም» ይላል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውል የፈረመልዎትና ደመወዝ የሚከፍልዎት ኤጀንሲው ስለሆነ የሚከሱት እሱን ነው። የሕንፃው ባለቤት ከኤጀንሲው ጋር ያለው ውል የእነሱ ጉዳይ ነው።

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። እርስዎ በሳምንት 72 ሰዓት እየሠሩ ነው፤ 24ቱ ትርፍ ነው። ሕጉ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ማለትም የጎደለው ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የፈረቃው አሠራር በራሱ ከሕግ ውጭ ነው። ይህን ለከተማው ወይም ለክልሉ የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማመልከት ይችላሉ፤ ሥራ ላይ እያሉም ማመልከት ይቻላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 6,240 ለ208 ሲካፈል የሰዓት ክፍያዎ 30 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። የእርስዎ ስምንት ሰዓት የሚሞላው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀሪው አራት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ሌሊት ነው። 30 ሲባዛ በ1.75 ሲባዛ በ4፣ በአንድ ሌሊት 210 ብር። በወር 26 ሌሊት ከሠሩ 5,460 ብር። ከደመወዝዎ ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የቀረው፤ በየወሩ ይህን ያህል እየቀረብዎት ነው የቆሙት።

ይህ ዓይነቱ ክስ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ማስረጃ ነው፤ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ሲሠራ ስለሆነ «ራሱ ነው ያመሸው» የሚል መልስ ይመጣል። የፈረቃ ሰሌዳውን ፎቶ ያንሱ፤ የርክክብ መዝገቡ ላይ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ፤ ቀን ላይ የሚተካዎትን ጓድዎን በምስክርነት ይያዙ። ሁለተኛው ይርጋ ነው፤ እያንዳንዱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው ይታገዳል። ሦስት ዓመት ቆሞ ዛሬ የሚከስ ሰው የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አለቃዬ «ከወለድሽ በኋላ ቦታሽ አይጠበቅልሽም» እያለኝ ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይጠበቅልዎታል። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪው ሊያሰናብትዎት አይችልም፤ ከእርግዝናዎ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ በሕግ የተጠቀሰ ምክንያት ካልተገኘ በቀር። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አለዎት። ለሕክምና ክትትል የሚሄዱበት ሰዓትም ይከፈልበታል፤ ከሐኪም ማስረጃ ይያዙ። ነፍሰ ጡር መሆንዎን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ለድርጅቱ ዛሬውኑ በደብዳቤ ይስጡና ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ። በኋላ «አላወቅንም ነበር» የሚለውን መንገድ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ በቤት ሠራተኝነት ነው የምተዳደረው። ይህ አዋጅ ለእኔም ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዚህ ልናጽናናዎት አንችልም፤ አዋጁ የቤት ሠራተኛን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታዋ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏል። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ደመወዝዎ በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲገባ ያድርጉ፤ ሲቀጠሩም ከደላላው ሌላ አንድ ሰው በምስክርነት ይኑር።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የሥራ ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ ሲጠነክር ሰው በሕይወቱ የበለጠ ይረካል ወይስ አይረካም? የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስባለሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ይለዩ። አንዱ በሕግ የተጻፈው የስንብት ጥበቃ ነው፤ ሌላው ሠራተኛው ራሱ የሚሰማው ዋስትና ነው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላል፤ የአውሮፓ አገሮች ሲነጻጸሩ ግን ብዙ ጊዜ አይሄዱም።

ዴንማርክን ይውሰዱ። ሠራተኛን ማሰናበት እዚያ በአንጻራዊነት ቀላል ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ግን በሥራ አጥ መድን አባል ከሆነ እስከ ሁለት ዓመት የሚዘልቅ ክፍያ ያገኛል፤ የመንግሥት የሥልጠናና የሥራ ማፈላለግ ድጋፍም አለው። ዴንማርካውያን «ሥራዬን አጣለሁ» ብለው ብዙም አይጨነቁም፤ ከ0 እስከ 10 በሚሰጠው የሕይወት እርካታ መለኪያም ከፊተኞቹ ናቸው። ስፔን በሌላው ጫፍ ነበረች። ለቋሚ ሠራተኛ የነበረው ጥበቃ ጠንካራ ስለነበር አሠሪዎች ሸሽተው ወደ አጭር ውል ዞሩ፤ ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በፊት ባሉት ዓመታት ከሠራተኛው ሲሶ ያህሉ በጊዜያዊ ውል ላይ ነበር (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሕጉን አሻሽለው ጊዜያዊ ውልን እስኪያጠቡት ድረስ፣ አንድ ወጣት በየወራቱ የሚታደስ ወረቀት ይዞ ዓመታት ይቆጥር ነበር። ቋሚው ሠራተኛም ቢሆን ከወጣ ሌላ ቋሚ ሥራ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ሲፈራ ይኖር ነበር።

ሥራ ማጣት በእርካታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከጠፋው ገቢ በላይ መሆኑ፣ ሥራዬን አጣ ይሆናል የሚለው ስጋትም በራሱ እንደሚጎዳ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ከሚጠይቁ የጀርመን ጥናቶች ታውቋል። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ «ሕጉ ጠበቀ ወይ?» ላይ አይቁም። «ከወጣሁ በኋላ ምን ይጠብቀኛል?» የሚለውን ይጨምሩበት።

ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሥራ አጥ መድን የለንም። በዚህ ምክንያት የስንብት ክፍያው የተሰናበተ ሠራተኛ ቤት ኪራይና አስቤዛ የሚሸፍንበት ብቸኛ ድልድይ ሆኖ ይቀራል። በመጠይቅዎ ውስጥ እነዚህ ቢኖሩ እንወዳለን፦ የተጻፈ ውል አለዎት? ስንት ጊዜ ታድሷል? ዛሬ ቢሰናበቱ የሚከፈልዎትን ያውቃሉ? በእጅዎ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያቆይዎታል? ከዚያ በኋላ ነው ከ0 እስከ 10 ያለው የእርካታ ጥያቄ መምጣት ያለበት። በቅደም ተከተሉ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ስለ ስንብት ጠይቀው ወዲያው ስለ እርካታ ከጠየቁ መላሹ በፍርሃቱ ስሜት ይመልሳል። በመካከል ሌላ ርዕስ ያስገቡ፤ ወይም ለግማሾቹ መላሾች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 60 ሠራተኞች ባሉት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ትእዛዝ ስለቀነሰ ስምንት ሰው ይቀነሳል እየተባለ ነው። እንቅልፍ አጥቷል፤ እኔም አብሬው አጥቻለሁ። አራት ዓመት ሠርቷል፤ ደመወዙ 7,200 ብር ነው። ምን እናድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጭንቀታችሁ ይገባናል። ወሬ እንቅልፍ የሚነሳው መጠኑ ስለማይታወቅ ነውና መጠኑን እንንገራችሁ።

ከ60 ሠራተኛ ስምንት መቀነስ ከ10 በመቶ በላይ ስለሆነ በአንቀጽ 29 የተደነገገው የሠራተኛ ቅነሳ ሥርዓት መከተል አለበት። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር ይጠበቅበታል፤ የፈለገውን ስም መርጦ ማውጣት አይችልም። ቅድሚያ የሚቆዩት ሙያና የተሻለ የሥራ ውጤት ያላቸው ናቸው። ሠራተኞቹ በዚህ እኩል ከሆኑ ቅነሳው አጭር አገልግሎት ካላቸው ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጥቂት ጥገኛ ወዳላቸው ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤትዎ ዛሬ ሊያደርጉት የሚገባው የልጆች የልደት ማስረጃና የሌሎች ጥገኞቻቸው ሰነድ በግል ማኅደራቸው ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። በምርት ውጤታቸው የተሰጣቸው የምስጋና ወይም የምዘና ወረቀት ካለም ቅጂው በእጃቸው ይሁን። ፋብሪካው ውስጥ ማኅበር ከሌለ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ከምክክሩ በፊት ቢደርስ መልካም ነው።

ቅነሳው ከደረሳቸው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጣቸው ይገባል፤ በዚያ ጊዜ ደመወዛቸው ይቀጥላል። የቀን ደመወዛቸውን በተመሳሳይ ስሌት 240 ብር ብንል፣ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 7,200፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 2,400 ሲባዛ በሦስት ሌላ 7,200፣ በጠቅላላ 14,400 ብር ነው። በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ሌላ 14,400። ድምሩ 28,800 ብር፤ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ካለ ከዚህ በላይ። የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ስለሆነና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨመር ስንት ቀን እንደቀራቸው ከአሁኑ ከሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየው ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። የመጨረሻውን የሥራ ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡትና የክፍያውን ሰባት የሥራ ቀን፣ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚከሰስበትን ሦስት ወርና ለክፍያ የሚከሰስበትን ስድስት ወር ከዚያ ተነስተው ይቁጠሩ።